ባሮ ሲጎድል

በኅዳር መጀመሪያ፣ ከጎሬ ተዛውሮ ጋምቤላ ከተማ የመጣ አንድ መምህር በማለዳ ከተከራየበት ክፍል ወጥቶ ወደ ወንዙ ሲመለከት ማዶው አልታይ አለው። ከዛፎቹ ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ቀርቷል፤ ግንዳቸውን ነጣ ያለ ነገር ሸፍኖታል። «ዛሬ ጉሙ ከብዷል» አለ። ጎሬ ያደገ ሰው እንዲህ ላለው ነገር ሌላ ስም የለውም። ግቢውን የሚጠርጉት አከራዩ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የአኝዋክ እናት፣ መጥረጊያቸውን ይዘው ቀና አሉና ሳቁ። «ጉም አይደለም ልጄ፤ ሣር ነው።»

ሣር ነው ያሉት ትክክል ነበር። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫው ለየው። እርጥበት የለውም፣ አይቀዘቅዝም፤ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጁ ሌሊቱን ስታስል አድራለች። እስከዚያ ማለዳ ድረስ ሳሏን የሰጠው ለአየር ለውጥ ነበር። «ቆላ ስትወርድ እንዲህ ያደርጋል፣ ትለምደዋለች» ብለውት ነበር የሥራ ባልደረቦቹ። የአየር ለውጥ የሚባለው ነገር መጨረሻ ላይ የአየሩ ሙቀት ብቻ ሳይሆን አየሩ ውስጥ ያለው ነገርም መሆኑን ያኔ የነገረው ሰው የለም።

ከጎሬ በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የከተማዋን አቀማመጥ ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ። በአንድ ቀን ጉዞ፣ ያውም በግማሹ፣ 1,500 ሜትር ይወረዳል። መጀመሪያ ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ መስኮት ይከፈታል፣ ኋላም የተከፈተው መስኮት የሚያስገባው ነፋስ ራሱ ይሞቃል። ታች ሲደረስ ተራራው ከጀርባ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይቀራል። ከፊት ያለው ሜዳ ነው፤ ደቡብ ሱዳን ድረስ፣ ከዚያም አልፎ ነጭ ዓባይ ድረስ የሚዘረጋ ሜዳ።

የኢሉባቦርና የወለጋ ደጋ የሚቀበለው ዝናብ በብርብርና በገባ ወንዞች አድርጎ ባሮን ይሠራል። ባሮ ተራራውን ከጨረሰ በኋላ ሩጫው ያበቃል፤ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ከአልጋው ይወጣል። ያ ውኃ ሣር ይሆናል። ሰው የሚውጥ፣ በሬ ቆሞ የማይታይበት ሣር። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ሣሩ ይደርቃል፤ ኅዳር ላይ ይቃጠላል። ከደጋ የወረደው ዝናብ በስድስት ወር ውስጥ ጭስ ሆኖ ያልቃል ማለት ነው። መምህሩ ማዶውን የጋረደበት ነገር፣ አንዱ ክፍሉ ቢያንስ፣ በሐምሌ የገዛ አገሩ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ከሰማው ዝናብ የተሠራ ነው።

ጋምቤላ ከመነሻዋም የወቅት ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ከተፈቀደ በኋላ፣ ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት የሚመጡ መርከቦች የኢትዮጵያን ቡና ከዚህ ይጭኑ ነበር። ነገር ግን የሚመጡት ወንዙ ሲሞላ፣ በክረምት ወራት ብቻ ነው። ባሮ ሲጎድል ወደቡ ይዘጋል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የጣቢያው ዘመን አበቃ፤ መርከቡም ቀረ። የወቅቱ ሥርዓት ግን አልቀረም። ክረምት የውኃ ነው፣ በጋ የእሳት ነው። መርከብ በሚመጣበት ወራት ሣሩ ያድጋል፣ መርከብ በማይመጣበት ወራት ይነዳል።

ማን ነው የሚያቃጥለው? ደጋ ላይ ተቀምጦ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ቀላል ይመስላል፤ «አርብቶ አደሩ»። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ሰው ለመውቀስ በጣም ይመቻል። የኑዌር ከብት አርቢ የደረቀውን ሣር የሚያቃጥለው ከሥሩ አዲስ ለጋ ቡቃያ እንዲወጣለት ነው። ያረጀውን ግንደ ረጅም ሣር ከብት አይበላውም፣ ቢበላውም አይጠቅመውም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኑዌሮች ጋር ኖሮ በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ የወቅት ዑደት መዝግቦታል፤ ዝናብ ሲያቆም ሣር ይቃጠላል፣ ከብቱ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ዝናብ ሲመለስ ወደ ከፍታው ይመለሳል። አኝዋኩ ደግሞ ማሳ ለማጽዳት፣ ለአደን፣ መንገድ ለመክፈት ያቃጥላል። እባብ ያለበትን ሣር ከቤቱ ዙሪያ የሚያቃጥል የከተማ ሰውም አለ። በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክና በደቡብ ሱዳኑ ቦማ መካከል የሚመላለሰው ነጭ ጆሮ ቆርኬም ቢሆን ለጋውን ሣር ተከትሎ ነው የሚሄደው። ይህ ሜዳ ከእሳት ጋር ኖሮ እንዲህ የሆነ ሜዳ ነው። «እሳት ይከልከል» የሚል ትእዛዝ እዚህ የሚሠራው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ከሰማይ ሲታይ ነገሩ የጋምቤላም ብቻ አይደለም። እሳት የሚለዩ ሳተላይቶች በታኅሣሥና በጥር የሚያሳዩት ካርታ ላይ ከሴኔጋል ተነስቶ በማዕከላዊ አፍሪካና በደቡብ ሱዳን አድርጎ የኢትዮጵያ ተራሮች ሥር የሚያልቅ ቀይ መቀነት አለ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚቃጠለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ አብዛኛውም እንዲህ ያለ የሣር ምድር ነው። ጋምቤላ የዚያ መቀነት ምሥራቃዊ ጫፍ ናት። ከእሷ በኋላ ግድግዳው ይጀምራል።

ጠዋት ጠዋት ለምን ይብሳል ለሚለው ደግሞ ተጠያቂው ሌሊቱ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች፤ ከመሬት ጋር የተጠጋው አየር ይቀዘቅዛል፣ ከላዩ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይጋደማል። ነፋስም ሌሊት ይተኛል። ቀን ወደ ላይ ይወጣ የነበረ ጭስ ክዳኑ ሥር ይቀራል፤ ዝቅ ወዳለው ቦታ፣ ወደ ወንዙ ይሰበሰባል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ክዳኑ ይቀደዳል፣ ማዶውም ይታያል። ስለዚህ ጋምቤላን በቀትር ያየ እንግዳ «ምን ጭስ አለ?» ቢል አይፈረድበትም። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን ሰዓት አላየውም።

በተራራ የተከበቡ ከተሞች ይህን ክዳን በደንብ ያውቁታል። ካትማንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 መጋቢት መጨረሻ ላይ በደን ቃጠሎ ጭስ ታፍና ለቀናት ትምህርት ቤቶቿን ዘግታለች። አዲስ አበባም እንጦጦን ተንተርሳ ሌሊት የራሷን ጭስ ታቅፋ ታድራለች። ልዩነቱ፣ አዲስ አበባ ላይ ሲለካ የኖረው ብናኝ የሚብሰው በክረምቱ ወራት፣ ብርዱና ደመናው ሲበረታ፣ መንገዱም በመኪና ሲጨናነቅ ነው። ጋምቤላ ላይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ክረምት አየሩን ያጥባል፣ በጋ ያቆሽሻል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአገሪቱ ስለ አየር ብክለት የሚነገረው፣ የሚጻፈው፣ የሚሰለጠነው ሁሉ ማለት ይቻላል ከአዲስ አበባ መኪናና ፋብሪካ ተነስቶ ነው። በአዲስ አበባ የቀን መቁጠሪያ የተጻፈ ምክር ጋምቤላ ሲደርስ ወሩም ምክንያቱም ይሳሳታል። አዲስ አበባ ላይ እንኳ የአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያዎች ለዓመታት በይፋ ያሳዩት የነበረው ቁጥር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ለሕዝብ መቅረቡ ቆሟል። ዋና ከተማዋ በውሰት ዓይን ስታይ ከኖረች የባሮ ዳርን ማን ይየው?

ቁጥሩ ለምን ያስፈልጋል? ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከሁሉ የሚከፋውን ደቃቅ ብናኝ፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንሰውን፣ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ፣ በአንድ ቀን ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ ብናኝ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ጭስ የሱ ምልክት ነው። ያልተለካ ነገር ደግሞ በጀት የለውም፣ ሪፖርት ላይ መስመር የለውም፣ «ቆላ ስትወርድ እንዲህ ያደርጋል» ተብሎ ይታለፋል።

ይሁንና የጋምቤላ ጭስ ሜዳው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። መምህሩ ልጁን ጤና ተቋም ይዟት ሄደ። የመረመረችው ባለሙያ ደረቷን ሰማች፣ ትንፋሿን ቆጠረች፣ ከዚያ ቀና ብላ የጠየቀችው ስለ ሣሩ አልነበረም። «ቤት ውስጥ ምን ታጨሳላችሁ?» አለችው።

መልስ አጣ። የሚያጨሱት ብዙ ነው። ማታ ማታ አከራዩ ደረቅ የኒም ቅጠል ከፍም ላይ አድርገው በግቢው መሐል ያስቀምጣሉ፤ ለትንኝ። ክፍሉ በር ላይም አንዱን ያኖሩለታል፤ ለልጅቷ ብለው፣ በፍቅር። ሚስቱ ከሰል ላይ ቡና ታፈላለች፣ ዕጣን ታጨሳለች። ወጡ የሚሠራው በማገዶ ነው። ሜዳው ላይ የሚነደውን ጭስ የሠራው ሌላ ሰው ነው ብሎ ነበር፤ ለካ ግማሹ የተሠራው እቤቱ በር ላይ ነው።

አገራችን ጭስን እንደ መድኃኒት አምና የኖረች አገር ናት። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ አራስ ትታጠናለች፤ ቤት በዕጣን ይባረካል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ወረርሽኙ፣ ያ የኅዳር በሽታ የተባለው፣ አዲስ አበባን ከመታ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። በሽታን በጭስ ማባረር ነው። የሚገርመው ቀኑ ነው፤ ከተሜው ኅዳርን በሚያጥንበት ሳምንት የጋምቤላ ሜዳም መታጠን ይጀምራል። ያን ዕለት ማለዳ ኅብረተሰቡ በየደጁ ፕላስቲኩን ሳይቀር ሲያነድ ላየ ሰው፣ ኑዌሩን ስለ ሣሩ ለመውቀስ የሚያስችል አፍ ከየት ይመጣል?

ኑዌርም ቢሆን ጭስን የሚፈልገው ለሣሩ ብቻ አይደለም። ሉዋክ በሚባለው ትልቁ የከብት ቤት ውስጥም ሆነ በበጋው የከብት ሰፈር የደረቀ ኩበት ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይጨሳል። ትንኝ ከብቱን እንዳያስጨንቀው፣ ሰውም እንዲተኛ። አመዱ ጥርስ ይፋቅበታል፣ ገላ ይቀባበታል። ጋምቤላ ወባ ከሚበረታባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች አንዷ ናት። ልጁን በወባ የቀበረ ሰው ባለበት መንደር «ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው» ማለት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። እውነት ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዛቸውን ዕድል ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጭስ ትንኝን ቢያስጨንቃትም ከወባ ያድናል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለም ይታወቃል። ግን እናት የምትመርጠው በማስረጃ መካከል አይደለም። የምትሰማው ጆሮዋ ላይ የምታፏጨውን ትንኝ ነው፤ ብናኙ ድምፅ የለውም።

መምህሩ ከጤና ተቋሙ ተመልሶ ነገሩን ለአከራዩ እንዴት እንደሚነግራቸው ሲያስብ አመሸ። በመጨረሻ «እማማ፣ ሐኪሟ ጭሱ ለልጅቷ ጥሩ አይደለም አለች» አላቸው። አልተቆጡም። «አጎበር ውስጥ ትተኛለች ልጄ፣ እሱ ጥሩ ነው» አሉ። «እስክትተኛስ?»

ይህች ጥያቄ ከብዙ ሪፖርት ትበልጣለች። በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ሰው አይገባም። ማታ የሚወራው፣ የሚበላው፣ ልጅ የሚጫወተው ግቢ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚተኛውም ደጅ ነው። አጎበር አልጋ ላይ ያለን ሰው ይጠብቃል፤ ደጅ የተቀመጠን አይጠብቅም። በዚያ መሐል ባለው ጊዜ ሰው የያዘው መከላከያ ጭስ ነው። መከላከያውን ጣል የሚል ሰው ምትክ ይዞ መምጣት አለበት።

ከሰሉም እንደዚያው ነው። ከጋምቤላ በሚያስወጡት መንገዶች ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ አይቶ ደን አጥፊ ብሎ መሳደብ ቀላል ነው። ክልሉ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ300 ሺህ ትንሽ ከፍ የሚል ሕዝብ ነበረው። ደቡብ ሱዳን በ2006 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ ኩሌ፣ ተርኪዲ፣ ጀዊና ንጉኝዬል የተባሉት መጠለያዎች ተጨምረው፣ ከቀድሞው ፑኝዶ ጋር፣ ከዚያ የሚተናነስ ቁጥር የሌለው ስደተኛ ተቀበለ። እህል ይታደላል፤ ማገዶ ግን ለሁሉም አይዳረስም። ስንዴና ማሽላ ደግሞ በጥሬው አይበላም። ሴቶቹ እንጨት ፍለጋ ይወጣሉ፤ መንገዱ ላይ የሚደርስባቸውን ሁሉም ያውቃል። የአካባቢው ሰው ደግሞ ዛፉ ሲያልቅ ያያል፣ ይቆጣል። ከዚያ ጭስ ጀርባ ይህ ሁሉ አለ። መምህሩም ቢሆን ከሰሉን የሚገዛው ከዚያው መንገድ ዳር ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚበዛው ደንበኛ ደገኛው ተከራይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚል፣ ለሰሚ ብዙም የማያጓጉ ነገሮች አሉ። እሳቱን መከልከል ሳይሆን ጊዜውን መስማማት አንዱ ነው። ሣሩ ግማሽ አረንጓዴ ሳለ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ጥቂት ጥቂት እየተቆረሰ የሚቃጠል መሬት በጥርና በየካቲት የሚነሳውን ሰፊ እሳት መንገድ ይዘጋበታል። በሰሜን አውስትራሊያ የአርነም ምድር ነባር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ይህንኑ የቀድሞ ልማዳቸውን መልሰው፣ ያውም እየተከፈላቸው፣ እየሠሩበት ነው። የኑዌርና የአኝዋክ ሽማግሌዎች የት፣ መቼ፣ ከየትኛው ነፋስ ጋር እንደሚቃጠል ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቃሉ። የጎደለው እነሱን ከፓርኩ፣ ከከተማውና ከጤና ቢሮው ጋር አንድ ጥላ ሥር የሚያስቀምጥ ስብሰባ ነው፤ እሱም ሣሩ ከመድረቁ በፊት። ሁለተኛው፣ ምድጃን ሲያድሉ ከመጠለያ ጣቢያው አጥር ውጭ ላለውም ማሰብ ነው። ሦስተኛው በጣም ትንሽ ነው፤ አንድ ሁለት ርካሽ መለኪያ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ መስቀል። ተማሪ ቁጥሩን በየማለዳው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጽፈው በአንድ በጋ ውስጥ ከተማዋ የራሷን ወራት ታውቃለች። የሳይንስ መምህር ለዚህ የሚኒስትር ፈቃድ አያስፈልገውም።

ቤት ውስጥ የተደረሰበት ስምምነት ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነበር። የኒሙ ቅጠል ከክፍሉ በር ተነስቶ ወደ ግቢው ጥግ፣ ነፋስ ወደሚወስድበት ሄደ። ከሰሉ ከቤት ወጣ። አንድ ትርፍ አጎበር ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ልጅቷ አመሻሹ ላይ እሱ ሥር ምንጣፍ ላይ ትጫወታለች። የሠፈር ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ራሳቸውም ገቡበት። ሣሩ ግን መንደዱን አላቆመም፤ ማለዳ ማለዳ ማዶው አሁንም አይታይም፣ ሳሏም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ሚያዝያ ላይ ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና መጣ። አንድ ሌሊት ሙሉ ዘነበ። ሲነጋ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ማዶው ዛፍ በዛፍ፣ ቅጠል በቅጠል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ባሮም ትንሽ ደፍርሷል። ልጅቷ ተኝታለች፤ አልሳለችም። አከራዩ ከኒሙ ዛፍ ሥር ጎንበስ ብለው የረገፈውን ቅጠል ይሰበስቡና ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። ዝናብ መጥቷል፤ ከሳምንት በኋላ ትንኟ ትመጣለች።